ታንጉትና የእድራችን ጡሩምባ

ዛሬ ጠዋት ሻይ ልጥድ ተነሥቼ ክብሪት ስፈልግ የእድራችን ጡሩምባ ተነፋ። እጄ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። እኛ ዓባይ ማዶ ያደግን ሰዎች ጡሩምባ ስንሰማ መጀመሪያ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን እናዳምጣለን። እየተጎተተ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ከሆነ ሰው ሞቷል፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንወጣለን። ቆረጥ ቆረጥ የሚል ከሆነ ግን ደስታ ነው። የዛሬው ቆረጥ ቆረጥ አለ። "እሰይ!" አልሁና ክብሪቱን ትቼ በርጩማው ላይ ቁጭ አልሁ።

ባሌ የአዳማ ልጅ ነው። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ሊያስተምር መጥቶ ከተጋባን በኋላ ይህንን ነገር ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጀበት። "በአገሩ ሁሉ የእድር ጡሩምባ ለሞት ነው፤ የእናንተ ሰፈር ሰው ጡሩምባ ሰምቶ እልል የሚለው ምን ነክቶት ነው?" ይለኝ ነበር። ምን እንደነካንማ አውቃለሁ። ታንጉት ናት የነካችን።

ታንጉት የጎረቤታችን የእማማ ጥሩዬ ልጅ ነበረች። የእኛንና የእነሱን ግቢ የሚለየው ዝገት የበላው የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ እኔ የምሾልክበት ቀዳዳም ነበረው። ያኔ እኔ ገና ሦስተኛ ክፍል ነኝ። እሷ ሃያዎቹን የጀመረች፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቷ ላይ ቁስል የማይጠፋባት ልጅ። "እታለም" ነበር የምላት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ትሠራለች። ከፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ዱቄት ተነስንሶ፣ ልብሷ የማሽን ዘይት እየሸተተ ነበር የምታቅፈኝ። ዛሬም በብስክሌት መጠገኛ በር ላይ ሳልፍ ያ የዘይት ሽታ ካወደኝ ቀና ብዬ እፈልጋታለሁ።

የፋብሪካው ክበብ ሯጭ ነበረች፤ ያውም የሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል። ሩጫውን ለማያውቅ ሰው፣ መሮጫው ላይ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ይቆማል፣ ሯጮቹ እየዘለሉት ያልፋሉ፤ ከአንደኛው እንጨት ወዲያ ደግሞ ውሃ የሞላ ጉድጓድ አለ። እማማ ጥሩዬ መጀመሪያ ያዩት ዕለት፣ "ኧረ ይህ ምን ዓይነት ግፍ ነው! ለምን እንጨቱን አንሥተው ልጆቹ በሰላም እንዲሮጡ አያደርጓቸውም?" ብለው ሰፈሩን አሳቁት። ታንጉት ግን የምትወደው እንጨቱን ነበር። "ሜዳ ላይማ ማንም ይሮጣል" ትል ነበር።

ጎህ ሳይቀድ በደጃችን ደፍ ደፍ እያለች ታልፋለች። እናቴ ሰዓት አታይም፤ የታንጉት እግር ሲያልፍ ሻይ ትጥዳለች። አባቴም ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና "ታንጉት አለፈች፣ ተነሡ!" ብሎ ብርድ ልብሳችንን ይገፈን ነበር። እሷ እንግዲህ መንገዱን ይዛ ዓባይ ከጣና እስከሚወጣበት ድረስ ነው የምትሄደው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ጉማሬ ይወጣል። የሰፈሩ ጎረምሶች "ታንጉት እንዲህ የፈጠነችው ጉማሬ እያባረራት ነው" እያሉ ሲያሾፉባት፣ "አዎ፣ እሱ ከእናንተ ይሻላል፤ ቢያንስ ጠዋት ይነሣል" ትላቸዋለች። አፏም እንደ እግሯ ነበር።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛን የሰፈሩን ልጆች አስከትላ ጣና ዳር ትወስደን ነበር። የእርጥብ ደንገል፣ የጭቃና የዓሣ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አጥማጆቹ ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው ያደርቃሉ፤ ያረጀውን ደግሞ ዳር ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ታንጉት ካረጁት አንዱን መርጣ፣ ከሥሩ ድንጋይ ደርድራ፣ ከውሃው አፋፍ ላይ አጋደመችውና መሰናክሏ አደረገችው። ከሜዳው ተንደርድራ ትመጣና በአንድ እግሯ ታንኳውን ረግጣ ትወነጨፋለች፤ ወዲያ በኩል ቁርጭምጭሚት የሚያጠልቅ ውሃ ውስጥ ጧ ብላ ታርፍና ሳትቆም ትወጣለች። ከዚያ ተራው የእኛ ነው። እኔ ፈሪ ነበርሁ፤ ታንኳው ጋ ስደርስ ቀጥ እላለሁ። አንድ እሑድ እንደምንም ዘለልሁና በአፍንጫዬ ጭቃው ላይ ተደፋሁ። ሮጣ የምታነሣኝ መስሎኝ ነበር፤ አላነሣችኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ "ተነሺ እንጂ፣ ጭቃ እንደሆነ ይታጠባል" አለችኝ። እያለቀስሁ ተነሣሁ። ከተነሣሁ በኋላ ግን ፊቴን በሁለት እጇ አጥባ፣ በራሷ ሻሽ አደረቀችልኝ።

በዚያው ዓመት ለአገር ተመረጠች። የእኛ ሰፈር ልጅ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ለብሳ ለአፍሪካ ውድድር ሄደች! የሮጠች ዕለት የፋብሪካው ክበብ አዳራሽ ሞልቶ፣ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር ያችን አንዲት ቴሌቪዥን የምናየው። እኔ አባቴ ትከሻ ላይ ነኝ። የመጨረሻው ዙር ላይ እየመራች ነበር። ከውሃው በፊት ያለውን እንጨት ስትረግጥ እግሯ አዳለጣትና በግንባሯ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። አዳራሹ በአንድ አፍ "ወይኔ!" አለ። ሌሎቹ በላይዋ ላይ እየዘለሉ አለፉ። ከዚያ ተነሣች። አንድ ጫማዋ ውሃው ውስጥ ቀርቷል፤ በአንድ እግር ጫማ እያነከሰች ሩጫዋን ጨረሰች። ስንተኛ እንደወጣች ካሜራው እንኳ አላሳየንም። እማማ ጥሩዬ "እንጨቱን አንሡ ብዬ ነበር! ብዬ ነበር!" እያሉ አለቀሱ።

ስትመለስ ማንም ሳያያት፣ ሻሽ ተከናንባ በጓሮ በኩል ገባች። ሊጠይቃት የመጣው ሁሉ "አሟታል" እየተባለ ተመለሰ። ደፍ ደፍ የሚለው እግር ጠፋ። እናቴ ሻዩን ማዘግየት ጀመረች፣ አባቴ ፈረቃ አለፈውና ተቆጡት። እኔ አላስችል ብሎኝ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ። ግድግዳውን እያየች ተኝታለች። አይጥ እንዳይበላባት በፌስታል ጠቅልላ ከማገር ላይ ትሰቅለው የነበረው ባለ ምስማር ጫማዋ ከማገዶው ክምር ላይ ተጥሏል።

"እታለም፣ እሑድ ጣና አንሄድም?" አልኋት።

"ከእንግዲህ ሩጫ የለም" አለች፤ የምትናገረው ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው ይመስል ነበር። "ሰኞ ፈትል ክፍል እመለሳለሁ። ሰው ሲያየኝ የሚታየው ያ ጉድጓድ ነው። በየት በኩል ብዬ ነው በዚህ መንገድ የምሮጠው?"

ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ሰምታ አድጋለች፤ ምሳሩን ፈርታ ነው የተደበቀችው። እማማ ጥሩዬ ጨነቃቸውና ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ባሻ ይመር ሄዱ። ባሻ ወታደር የነበሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ማምሻውን ኮሚቴውን ሰብስበው "ልጅቱ የሄደችው የእኛን ስም ይዛ ነው። ወደቀች ብለን ዝም ልንላት ነው? ነገ ድንኳን ይተከል፤ ሰው ይጠራ፤ በክብር እንቀበላት" አሉ። ታንጉት ከሰማች ትጠፋለች ተብሎ ነገሩ በምስጢር ተያዘ። ሰፈሩን የመጥራቱ ሥራ ለአያ ደሴ ተሰጠ።

አያ ደሴ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው በዕድሜያቸው ጡሩምባ የነፉት ለሞት ብቻ ነው፤ ለደስታ እንዴት እንደሚነፋ ማን ነግሯቸው? ጠዋት ተነሥተው፣ እንደለመዱት መሀል መንገድ ላይ ቆመው፣ እንደለመዱት ረጅሙን ነፉና፣ እንደለመዱት ባጭሩ ተጣሩ፦ "የጥሩዬ ልጅ ታንጉት! በሦስት ሰዓት! ድንኳን!" ልጅቱ ቤቷ መሆኗን ሰው ሁሉ ያውቅ የለም ወይ፣ ሌላ ምን ልጨምር ብለው ነው።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ጣለችው። "ያችን ልጅ! ያችን ልጅ!" አለች። ስንት ቀን በር ዘግታ የተኛች ልጅ ናትና ሰው ሁሉ የጠረጠረው አንድ ነገር ነው፤ እሱን አፌ አይናገረውም። አባቴ ባዶ እግሩን ወጣ። እኔ እሪ እያልሁ በአጥሩ ቀዳዳ ስሾልክ ቀሚሴ ተይዞ ተቀደደ። ብንደርስ ድንኳኑ በእርግጥም እማማ ጥሩዬ ደጅ ላይ እየተተከለ ነው! ይህንን ያየ ሰው ደረቱን ቢመታ ይፈረድበታል? ካስማ የሚመቱት ጎረምሶች ትከሉ ተባሉ እንጂ ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ ሰው ሲያለቅስ ሲያዩ መዶሻቸውን ጥለው እነሱም አለቀሱ። እማማ ጥሩዬ ለግብዣው ገበያ ወጥተዋል። ባሻም ገና ኮታቸውን እያስተኮሱ ነው። አያ ደሴ ደግሞ እየነፉ ወደ ሰፈሩ ዳር ወርደዋል። የሚያስቆመን ሰው አልነበረም።

እትዬ ማንጠግቦሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ሽመና ክፍል በማሽን ጩኸት ላይ ስትጮኽ የኖረች ስለሆነ ድምጿ ዓባይን ይሻገራል፤ በሰፈራችን ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት። ከድንኳኑ ፊት ቆመችና እጇን ዘርግታ ጀመረች፦

"የጣና ዳር ጤዛ ማን ያራግፍልሽ፣
ታንጉት ቀረችብሽ ማልዳ የምትረግጥሽ።"

ሰው ዋይ ዋይ አለ። ደገመች፦

"ወድቃ ስትነሣ ያየናት በዓይናችን፣
ዛሬስ ምን ነካና ተኛች በደጃችን።"

ይኼን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ታንጉት ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ብርድ ልብስ ደርባ ወጣች። ሰዉን አየች፤ ድንኳኑን አየች።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች።

ወይ ጉድ! አንዷ "በስመ አብ!" ብላ ጀርባዋን ሰጥታ በረረች። ባለሱቋ እትዬ ዘሀራ "ያ አላህ!" ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች። እናቴ ቀረብ ብላ ዳበሰቻት፤ አላመነችም መሰለኝ ክንዷንም ቆነጠጠቻት። እትዬ ማንጠግቦሽ "አንቺ ልጅ! በቁምሽ ጉሮሮዬን አደረቅሽው!" ብላ በነጠላዋ ጫፍ መታቻትና፣ ወዲያው አንገቷን አቅፋ ከቀድሞው የባሰ አለቀሰች። ከዙራቸው የተመለሱት አያ ደሴ ጡሩምባቸውን ከጀርባቸው ደብቀው የሚገቡበት አጥተዋል።

ሰዉ እየሳቀ እንባውን ሲጠርግ ታንጉት አልሳቀችም።

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ያን የኋለኛውን ድገሚልኝ" አለች።

"ኧረ ምን በወጣኝ! ለቆመ ሰው ሙሾ አይወረድም፤ ሟርት ነው።"

"ወድቃ ስትነሣ ያልሽውን። ስነሣ አይታችኋል ማለት ነው?"

"ምን ነካሽ!" አለ አባቴ። "ስትወድቂማ ማን ዓይኑን ገልጦ አየ? ሁሉም ፊቱን ሸፍኖ ነበር። በአንድ እግር ጫማ ስትገቢ ነው አዳራሹ ሊፈርስ የደረሰው።"

ታንጉት ብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጋ አባቴን ትኩር ብላ አየችው። ለካስ ይህን ያህል ቀን ግድግዳው ላይ ስታይ የከረመችው እኛ ያላየነውን ነገር ነው። ሰው ካልሞተ ወይም ካልራቀ አይመሰገንም ይባላል፤ ለእሷ ግን በአያ ደሴ ስሕተት ምስጋናዋ በቁሟ ደረሳት። እትዬ ማንጠግቦሽም እንባዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማጨብጨብ ጀመረችና ሙሾውን ዘፈን አደረገችው፦

"ወድቃ ስትነሣ ያየናት በዓይናችን፣
ዛሬም ቀና ብላ ቆመች በደጃችን።"

እልልታው ቀለጠ። እማማ ጥሩዬ ከገበያ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ድንኳንና ያበጠ ዓይን አይተው ሊወድቁ ሲሉ፣ ሮጣ ደግፋ የያዘቻቸው ታንጉት ናት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ደፍ ደፍ የሚል እግር ሰማሁ። እናቴ ሻይ ጣደች። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ ከአልጋ የወረድሁበትን ቀን አላስታውስም።

ታንጉት ከዚያ በኋላ የአገር ሻምፒዮን ሆነች፤ ደገመችውም። ለአፍሪካም እንደገና ሄዳ፣ ያንኑ እንጨትና ያንኑ ውሃ አልፋ የብር ሜዳልያ አመጣች። ይዛ የመጣች ዕለት ባሻ "አያ ደሴ ጡሩምባውን እንዳይነኩ!" ብለው አስጠንቅቀው ነበር። እሷ ግን ከመኪናው እንደወረደች "አያ ደሴ የታሉ? የእሳቸውን ጡሩምባ ሳልሰማ ቤቴ አልገባም" አለች።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው ያንኑ የሙት ነው" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

"እንግዲያውስ ቆረጥ ቆረጥ ያድርጉት።"

አደረጉት። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን ጡሩምባ ሁለት ዓይነት ሆነ።

ጉልበቷ ሩጫ ሲያስተዋት የታንኳውን ነገር አልተወችም። ጣና ዳር የባሕር ዛፍ አግዳሚ አቁማ የሰፈሩን ልጆች ታሠለጥን ነበር። እኔ ሯጭ አልሆንሁም፤ ፈሪነቴም ብዙ አልለቀቀኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ስወድቅ በር ዘግቼ ተኛሁ። ታንጉት መጥታ አላባበለችኝም። እንደገና ልማር ደብተሬን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ የወጣሁ ዕለት ግን አያ ደሴን አጠገቧ አቁማ መንገዱ ላይ ጠበቀችኝ፤ ጡሩምባው በጠራራ ፀሐይ ተነፋልኝ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እታለም፣ ምን ሠርቼ ነው?" አልኋት።

"ተነሣሽ አይደል? የሚነፋው ለእሱ ነው" አለችኝ።

ዛሬ ነርስ ነኝ። ከእንጀራዬ ውስጥ የእሷ እጅ አለበት፤ እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም፣ እግዜር ይክፈልልኝ።

ባለፈው ዓመት ታመመች። ሕመሙ ጨካኝ ነበር፤ እሷ ግን አልጋ ላይ ሆናም ትቀልዳለች። ስጠይቃት አያ ደሴ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። "አያ ደሴ፣ ረጅሙን አንዴ ነፍተውልኛል፤ ሁለተኛ አይገባኝም" አለቻቸው። "አፍሽ ቁርጥ ይበል!" ብለው ተቆጧት። በጥቅምት፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጡሩምባው ቆረጥ ቆረጥ አለ። እኛ ነጭ ለብሰን፣ እየሳቅን ወጣን። "ማን አሸነፈ? ማን አሸነፈ?" እያልን ነበር የምንሮጠው። አያ ደሴ መሀል መንገድ ላይ ቆመዋል፤ እንባቸው በጡሩምባው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው ግን መንፋታቸውን አላቆሙም። ያን ጊዜ ገባን። ነፍሷን ይማር።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ይህ ሁሉ በርጩማው ላይ እንደተቀመጥሁ በፊቴ አለፈ። ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። ሰው የተሰበሰበው ታንጉት ካሠለጠነቻቸው የመጨረሻዎቹ ልጆች አንዷ በሆነችው በባጃጅ ነጂው ልጅ ቤት ደጅ ላይ ነው። አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወዳደር ሄዳ፣ እንጨቱ ጥሏት የሁሉ መጨረሻ ሆና ገባች አሉ። ትናንት መጥታ በሯን ዘግታለች። አያ ደሴ አሁን ሸምግለዋል፤ ረጅሙን የሚነፋው ልጃቸው ነው፣ አጭሩን ግን ለማንም አይሰጡም። እትዬ ማንጠግቦሽ ምርኩዟን ተደግፋ፣ አሁን በሰለለ ድምጿ "ወድቃ ስትነሣ" አለች፤ እኛም እያጨበጨብን ተቀበልናት።

ብዙ ቆየን። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰና በሩ ገርበብ አለ። ያልተበጠረ ፀጉር ብቅ አለ።

"ማን አሸንፎ ነው?" አለች ልጅቱ።

አያ ደሴ ጡሩምባቸውን ወደ እሷ አዙረው ነፉ።